እናቱን የካደው ዶቃ በጣሽ

ቅረቡ እስቲ። የራቀው ይጠጋ፣ ያኮረፈው ይታረቅ፤ ተረቴ መንገድ ጀምራለች። «በሰላም ትግባ!» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከብቱም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ጊዜ፣ ቦራ የሚባል በሬ ነበረ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጫንቃው የሰፋ፣ አያ ጓንጉል የሚባል ገበሬ የሚያርስበት በሬ ነው። አብሮት የሚጠመደው በሬ ደግሞ ዳለቻ ይባላል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ቦራ ራሱ ስለማያውቀው ነገር ነው። በቦራ ጫንቃ ውስጥ፣ ከቆዳው በታች፣ ከሥጋው መሀል፣ ዓይን የማያያቸው ብዙ ብዙ ጎጆዎች ነበሩ። ተማሪዎች ሴል ይሏቸዋል፤ እኛ ጎጆ እንበላቸው። ከጎጆዎቹ በአንዷ ውስጥ ብጥሱ የሚባል ትንሽዬ ኢንዛይም ይኖር ነበር።

በዚያች ጎጆ ያለው ሁሉ ከዶቃ የተሠራ ነው። ዶቃ ሰኪዎች የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። እነሱ ዶቃን ከዶቃ ያያይዛሉ፤ የተያያዘው ይረዝማል፤ የረዘመው ይጠመጠማል፣ ይተጣጠፋል፤ ቅርጹን ሲይዝ ነፍስ ይዘራል፣ ስም ያወጣል፣ ሥራ ይጀምራል። ፕሮቲን የሚባለው ይኸው ነው። በጎጆዋ ውስጥ ትልቁን ስም የያዙት ሳቢዎች ናቸው። ቦራ ቀንበር ሲሸከም፣ ሞፈር ሲጎትት፣ ከውስጥ ሆነው የሚስቡት እነሱ ናቸው። «እኛ ባንስብ በሬው እግሩን አያነሳም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሳቢም ቢሆን ታዲያ ያረጃል። ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ መሳብ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ምልክት አድራጊዋ ትመጣና ጀርባው ላይ ምልክት ታደርግበታለች። ምልክት ያለበት ወደ እማማ ጎታ ይሄዳል።

እማማ ጎታ እንደ እህል ጎታ ድብልብል ያለች፣ አፏ ጠባብ፣ ክዳኗ ጥብቅ የሆነች አሮጊት ነበረች። ጥርሷ አፏ ላይ አይደለም፤ ከሆዷ ውስጥ፣ ከግድግዳዋ ላይ ነው። ምልክት ሳታይ ክዳኗን ለማንም አትከፍትም። ምልክት ካየች ግን ያረጀውን ተቀብላ ጥምጥሙን ትፈታዋለች፣ ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስበዋለች፤ ከዚያ ቆርጥም፣ ቆርጥም፣ ቆርጥም። በስተኋላዋ አጫጭር ቁራጮች ይወጣሉ።

ቁራጭ ገና ዶቃ አይደለም፤ ጥቂት ዶቃ እንደተያያዘ የቀረ ነው። ዶቃ ሰኪዎች ደግሞ ቁራጭ አይቀበሉም፤ የሚፈልጉት ነጠላ ዶቃ ነው። የብጥሱ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። ቁራጩን ከጫፉ፣ በራሱ በኩል ይይዘዋል፣ በሁለት ዶቃዎች መሀል አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል ያደርጋል፣ ብጥስ! አንዱ ዶቃ ነጠላ ይሆናል። ውሃ፣ ብጥስ! ውሃ፣ ብጥስ! ቁራጩ እስኪያልቅ። ነጠላው ዶቃ ወደ ሰኪዎች ይሄዳል፤ ካረጀው ሳቢ ዶቃ አዲስ ሳቢ ይሰካል።

ይህን ሥራ ያስያዘችው እማማ ጎታ ናት። ብጥሱ ተሰክቶ የወጣ ዕለት የሚጠጋበት አልነበረውም። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲንሳፈፍ፣ ትልልቆቹ ሲገፈትሩት፣ እሷ አየችው።

«ና ልጄ፣ እዚህ እግሬ ሥር ተቀመጥ» አለችው። «እስቲ ይህችን ቁራጭ ሞክራት።»

ሞከራት። አፉ ለቁራጭ ራስ ልክ ሆኖ ተገኘ።

«እሰይ! ሥራህ ይኸው ነው። በል እማማ በለኝ።»

እማማ አላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትቆርጥ እሱ ሲበጥስ ኖሩ።

ሳር ሞልቶ ቦራ ጠግቦ በሚያድርበት ወቅት ዶቃው ከውጭ በደም ይመጣል። ያን ጊዜ ሥራ ይቀላል፤ ብጥሱም ጎጆዋን መዞር ለመደ። አንድ ቀን ቦራ ጥላ ሥር ተኝቶ ሲያመሰኳ ሳቢዎች አርፈው ይጫወቱ ነበር። ብጥሱ ጥግ ይዞ ሲያዳምጥ አንዱ «ያቺ ቆርጣሚ አሁንም አለች?» አለ። «ስታየኝ ምራቋን ትውጣለች» አለ ሌላው። ሳቁ። ቆርጣሚ የሚሏት እማማ ጎታን ነው። ከእሷ ወገን የሆነ ሲያልፍ እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ አብሯቸው አይቀመጥም፣ አብሯቸው አይጫወትም።

የሳቢዎቹ አለቃ አያ ምዘዝ ይባላል። ብጥሱን አየውና ጠራው።

«አንተ ትንሹ፣ መልክህ ያምራል። የማን ልጅ ነህ?»

ብጥሱ ወደ እማማ ጎታ ጥግ ዞር ብሎ አየ።

«የዶቃ ሰኪዎቹ ልጅ ነኝ» አለ።

«እንዲያ ነው እንጂ! ና ተቀመጥ» ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

ብጥሱ ተቀመጠ። «ውሸት እኮ አልተናገርኩም፤ ሁላችንንም የሰኩን እነሱ አይደሉም ወይ?» ብሎ ለራሱ ነገረው። ፊቱ ግን ጋለ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሄደ። ተቀምጦ ሲጫወት አንዱ ሳቢ ትክ ብሎ አየው።

«እኔ እኮ አንተን ከቆርጣሚዋ እግር ሥር አይቼሃለሁ።»

አንድ ሁለቱ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ጎረቤት ናት» አለ ብጥሱ። «አሮጊት ስለሆነች አንዳንዴ እየሄድኩ እረዳታለሁ እንጂ ወገኔ አይደለችም።»

«ደግ ልጅ ነው» አለ አያ ምዘዝ። ሁሉም ደግ ልጅ ነው አሉ። ብጥሱ በዚያ ቀን ወደ እማማ ጎታ ሲመለስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ ግን «ደከመህ መሰለኝ፣ እስቲ አረፍ በል» አለችው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው።

በሦስተኛው ቀን አያ ምዘዝ ታላቅ ወሬ ነበረው። ዶቃ ሰኪዎቹ ለእሱ አዲስ ልጅ ሊሰኩለት ተስማምተዋል። ሳቢዎች ሁሉ ተሰብስበው ደስ ብሏቸዋል፤ ብጥሱንም ከመሀል አስቀምጠውታል። በዚህ መሀል እማማ ጎታ መጣች። ከቦታዋ ተነስታ አታውቅም ነበር። ልጇ ሲዘገይባት፣ ቁራጩ ሲከማችባት ጊዜ፣ እየተንከባለለች፣ እየተነፈሰች መጣች።

«ልጄ፣ ሰላም ነህ? ብትቆይብኝ እኮ ታመህ እንደሆነ ብዬ...»

ሳቢዎች ተንጫጩ። እግራቸውን ሰበሰቡ። አያ ምዘዝ ወደ ብጥሱ ዞረ።

«ልጄ ያለችው አንተን ነው? ይህች ማናት?»

ብጥሱ እማማ ጎታን አየ፤ ክዳኗ ተዛብቷል፣ ከመንገዱ ብዛት ዝላለች። ሳቢዎቹን አየ፤ ሁሉም እሱን ያያሉ።

«አላውቃትም» አለ።

እማማ ጎታ ክዳኗን ቀስ ብላ ገጠመችና ዞራ በመጣችበት መንገድ ሄደች። አካሄዷ ቀርፋፋ ስለነበረ ከዓይን እስክትሰወር ብዙ ቆየች። ያን ያህል ጊዜ ብጥሱ መሬት መሬቱን እያየ ተቀመጠ። ሳቢዎቹ ጨዋታቸውን ቀጠሉ፤ እሱ ግን የሚሉት አልተሰማውም።

ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ ወደ እሷ ይመለስ? ሥራውን ተወ። «የሰኪ ልጅ ቁራጭ አይነካም» እያለ ዋለ። በየጎረቤት ጎጆው ያሉ በጣሾችም ወሬውን ሰሙ። «ብጥሱ ትቶ ከሳቢዎች ጋር ይቀመጣል አሉ። እኛስ ከማን እናንሳለን?» አሉና አንድ በአንድ እነሱም ተዉ። በቦራ ጫንቃ ውስጥ በጣሽ የሚባል ከሥራ ላይ ጠፋ።

ይህ በሆነ ሰሞን ደግሞ ዝናብ ቀረ። ሳሩ ነደደ፣ ጭዱ አለቀ። ለቦራ የሚቀርብለት ነገር ሲጠፋ ከውጭ በደም ይመጣ የነበረው ዶቃም ቆመ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ጎጆ የሚኖረው ከራሱ ነው፤ ያረጀውን ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ በጥሶ፣ ለአዲሱ ያደርገዋል። እማማ ጎታ የድርሻዋን አልተወችም፤ ምልክት ያለበት በመጣ ቁጥር ቆርጥም፣ ቆርጥም ትላለች። ቁራጩ ግን የሚበጥሰው ጠፋ። ከኋላዋ ተከመረ፣ ጎኗን ደፈነ፣ በመጨረሻ አፏ ድረስ ደረሰ። ጎጆዋ በቁራጭ ተሞልታ ዶቃ ተራበች።

አያ ጓንጉል የዘሩ ጊዜ እንዳያልፍበት በደረቁ መሬት በሬዎቹን ጠመደ። ቦራ ጥቂት ሄዶ ተንበረከከ።

«ምን ነካህ?» አለው ዳለቻ።

«እንጃ፤ ጫንቃዬ የኔ አልመስል አለኝ።»

አያ ጓንጉል በአለንጋ አስነሳው። ትንሽ ሄዶ እንደገና ወደቀ። ቀንበሩ እንኳ አዘነለትና «እኔ ዛሬ አልከበድኩም፤ አንተ ነህ የቀለልከው» አለው። አሁንም ተነሳ። በሦስተኛው ጊዜ ሲወድቅ ግን አያ ጓንጉል አለንጋውን ጣለና ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ጎረቤት ጠርቼ ለቅርጫ ባርደው ነው የሚሻለኝ። ነገ ካልተነሳ በቃ።»

ይህን ዳለቻ ሰማ፤ ሰምቶም ለቦራ ነገረው። የቦራ ልብ ደነገጠ፤ ድንጋጤውም በደም ተጉዞ ጎጆዎቹን ሁሉ አንኳኳ። በሬው ከታረደ ጎጆ የለም፣ ሳቢ የለም፣ ሰኪ የለም።

አያ ምዘዝ ወደ ዶቃ ሰኪዎቹ እየተንገዳገደ ሮጠ። እሱ ራሱ ከመሰንጠቁ የተነሳ በጭንቅ ነው የሚቆመው። ብጥሱም ከሳቢዎቹ ጋር ተከተለ። ሲደርሱ የአያ ምዘዝ ልጅ ግማሽ ተሰክታ፣ ከሰኪዎቹ እጅ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ራሷ አለ፣ አንገቷ አለ፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ጨርሱልኝ እንጂ!» አለ አያ ምዘዝ።

«በምን እንጨርስ? ዶቃ የለም» አሉ ሰኪዎቹ።

«ያ ሁሉ ክምር ምንድነው?»

«ቁራጭ ነዋ። የሚበጥሰው ጠፍቶ ነው የተከመረው። አንድ ብጥሱ የሚባል የእማማ ጎታ ልጅ ነበር። ጎበዝ በጣሽ ነበር፤ ምን እንደነካው እንጃ።»

አያ ምዘዝ ቀስ ብሎ ዞረ። ሳቢዎቹም ዞሩ።

«ብጥሱ የምትባለው አንተ አይደለህም ወይ? የሰኪዎቹ ልጅ ነኝ ብለኸን አልነበር?»

«የእኛ?» አሉ ሰኪዎቹ። «እኛ ሁሉን እንሰካለን እንጂ ማንንም አላሳደግንም። እሱን ያሳደገችው እሷ ናት።»

ብጥሱ መግቢያ አጣ። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበው፣ አንዱ እንኳ ቢገፈትረው ደስ ባለው ነበር። ግን ማንም አልሰደበውም። አያ ምዘዝም አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እግሩን ሲሰበስብ የኖረው እሱ ነው።

«እባክህ» አለው አያ ምዘዝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ልጄን...»

ብጥሱ ወደ ክምሩ ሄደ። ሁሉም እያዩት ከክምሩ ሥር ተንበረከከና የመጀመሪያውን ቁራጭ በራሱ በኩል ያዘ። ውሃ፣ ብጥስ! ውሃ፣ ብጥስ! ውሃ፣ ብጥስ! የጎረቤት ጎጆ በጣሾች አዩት። አንዱ ተነስቶ የራሱን ክምር ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ዶቃው ነጠላ በነጠላ እየሆነ ወደ ሰኪዎቹ ፈሰሰ። የአያ ምዘዝ ልጅ ወገብ አወጣች፣ እግር አወጣች፣ ተጠመጠመች፣ ነፍስ ዘራች። ከኋላዋ ሌሎች ተሰኩ።

ክምሩ ሲጎድል የእማማ ጎታ አፍ ታየ። ክዳኗ ተጨራምቷል። ከክምሩ ጫና የተነሳ ግድግዳዋ ተሰንጥቋል።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

«ያቺኛዋን በግራ በኩል ያለችውን አስቀድማት፤ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች።»

ይህን ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ አያ ጓንጉል ቢላዋውን ስሎ በረት ሲገባ ቦራ ቆሞ ጠበቀው። ከስቷል፣ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ግን ቆሟል። አያ ጓንጉል ቢላዋውን ከጀርባው ደበቀ። ዳለቻ በረዥሙ ተነፈሰ። ውሎ አድሮ ዝናቡም ዘነበ፣ ሳሩም አቆጠቆጠ።

ብጥሱ ወደ ቀድሞ ቦታው፣ እማማ ጎታ እግር ሥር ተመለሰ። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይበጥሳል። ስለዚያች ቃል አንድም ቀን አላነሳችበትም። «ወቅሳኝ ቢሆን ይቅርታ እጠይቃት ነበር» ይል ነበር በሆዱ። እሷ አትወቅሰውም፤ እሱም አይጠይቃትም። ዛሬ ለነገ፣ ነገን ለከነገ ወዲያ እያለ አስተላለፈው። ሳቢዎቹ አሁን ሲያልፍ ይነሱለታል፤ «ብጥሱ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ይሉታል። እሱ ግን ሲነሱለት ጊዜ ይበልጥ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

አንድ ቀን ምልክት አድራጊዋ መጣች። በዙሪያው ያሉትን አሮጌ ሳቢዎች ሁሉ አልፋ እማማ ጎታ ጎን ላይ ምልክት አደረገች።

ቆራጭም ያረጃል። ነገር ግን ጎታ ራሷን መቁረጥ አትችልም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ትልቁ ከረጢት የሚባል አለ፤ ሆዱ ኮምጣጣ፣ የሚውጠውን ሁሉ የሚያሟሟ። እሱ በሩቅ ሆኖ ቀስ እያለ ሲመጣ ብጥሱ አየው። ያኔ ለነገ ማለት እንደማይቻል ገባው።

«እማማ።»

«ወዬ።»

«ያን ዕለት... ሳቢዎቹ ፊት...»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ክዳኔ ክፍት ነበር እኮ።»

«ለምን ታዲያ ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? ዕድሜዬን ሁሉ የገባልኝን ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ያቺን ቃል ግን እያገላበጥኩ ሞከርኳት፤ አልቆረጥ አለችኝ። ይኸው እዚሁ ውስጤ ናት።»

ብጥሱ ግንባሩን እግሯ ላይ ደፋ።

«ይቅር በይኝ፣ እማማ።»

«እኔማ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ» አለችው። «እሷ ናት ያልወጣችው።» ከዚያ ወደሚመጣው ከረጢት አየችና «ቁራጬ ሲወጣ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ። አንተው በጥሰኝ» አለችው።

ከረጢቱ ደርሶ ዋጣት። ጎጆዋ ሁሉ ሥራ አቁሞ ቆመ፤ አያ ምዘዝ እንኳ ከነልጁ መጥቶ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ከከረጢቱ አጫጭር ቁራጮች መውጣት ጀመሩ። ብጥሱ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። አንድ ቁራጭ በራሱ በኩል ያዘ። ውሃ፣ ብጥስ። ውሃ፣ ብጥስ። በየዶቃው መሀል ያቺን ቃል ፈለጋት። ባገኛት አውጥቶ ሊበጥሳት፣ እናቱን ከእሷ ሊያሳርፋት አስቦ ነበር። ዶቃው ግን ሁሉም ንጹሕ ነው። እስከ መጨረሻው ዶቃ ፈለጋት፤ የለችም።

ዶቃዎቹ ወደ ሰኪዎቹ ሄዱ። ከፊሉ ሳቢ ሆነ፣ ከፊሉ በር ጠባቂ ሆነ፣ ከፊሉ አዲስ ትንሽ ጎታ ሆነ። የትኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ብጥሱ ባዶ እጁን ይዞ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ እግሯ ያርፍበት ከነበረበት ሥር ተቀመጠ። ያን ጊዜ ያቺን ቃል አገኛት። እሱ ውስጥ ነበረች።

ልጆቼ፣ ያሳደገንን ሰው ሥራ ማወቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሰውየውን አላውቀውም ማለት ነው። የተውነውን ሥራ ተመልሰን እንሠራዋለን፣ የከመርነውንም ክምር እናወርደዋለን። ከአፋችን የወጣችውን ቃል በጥሶ የሚጨርስ ኢንዛይም ግን እስከ ዛሬ አልተሰካም።

ተረቴ በሰላም ገባች። እናንተም እናታችሁ በሰው ፊት ስትጠራችሁ፣ ጮክ ብላችሁ «አቤት» በሉ።